በገዛ ቤቱ ተከራይ

«ተከራዬ ዐረፈ» አሉኝ እማማ ያልጋነሽ በስልክ። «ያ አስተማሪው። ዛሬ ጧት በሩን ከፍቼ ብገባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። የተኛ መስሎኝ፣ ‹እስካሁን መተኛት ምንድነው?› ብዬ ተቆጣሁት። ዘመዶቹን አንተ ታውቃለህና ንገርልኝ። እስክትደርሱ አይቀበርም።»

ፍኖተ ሰላም፣ ዋናው መንገድ ዳር ነበርሁ። ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ባለጋሪው ፈረሱን ይገሥጻል፤ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቀረሁ። «እሺ እማማ፣ እንመጣለን» አልሁ። እሳቸው ደግሞ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ምስኪን፤ ደግ ተከራይ ነበር» አሉና ስልኩ ተዘጋ።

ጋሼ ምንይችል የሞተበት ቤት የራሱ ነበር። ጣና ዳር፣ ቁንዝላ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በገዛ ገንዘቡ ሲገዛው ምስክር ሆኜ የቆምሁት እኔ ነኝ። በከተማዋ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እማማ ያልጋነሽ ግን አያውቁም። እሳቸው የሚያውቁት የቤቱ ባለቤት እሳቸው እንደሆኑ፣ ጋሼ ምንይችል ደግሞ የጓሮ ክፍላቸውን የተከራየ ብቸኛ ጡረተኛ እንደሆነ ብቻ ነው። ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ለመናገር ከሰውየው መጀመር አለብኝ።

ጋሼ ምንይችል እኔ ሒሳብ በማስተምርበት የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቆሞ ሲያወራ እንኳ ተረከዙ መሬት የማይረጋ፤ ሁልጊዜ ሊሮጥ የተነሣ የሚመስል ሰው። ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። ለቅሶ ሲሄድ ከሸሚዙ ሥር ይደብቀዋል እንጂ አያወልቀውም። በዕድሜ አባቴ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ሆኖም «አንቱ» ስለው ይቆጣኝ ነበር።

«ቡድን ውስጥ አንቱ የለም» ይለኛል። «ኳስ ስታቀብለኝ ‹እንኩ ጋሼ፣ ይቀበሉኝ› ልትል ነው?»

ሌላም የማትለየው ቃል ነበረችው። ተማሪ ሮጦ ሲያለከልክም፣ መምህራን በስብሰባ ሲጯጯሁም፣ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ሲጣሉም፣ እጁን ዘርግቶ «መጀመሪያ ትንፋሽህን ቤቱ መልሰው» ይላል። ሰውም ሳይወድ ስቆ ይበርዳል።

እሱና ባለቤቱ እትዬ ብዙአየሁ ጎረቤቶቼም ነበሩ፤ አንድ ግቢ ተከራይተን ለብዙ ጊዜ አብረን ኖረናል። ቤታቸው የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ግድግዳውን ነው፤ ባዶ ነው። ፎቶ የለም፣ ሥዕል የለም፣ የቀን መቁጠሪያ እንኳ የለም። የቤቱ ዕቃ ግማሹ በካርቶን ታስሮ አልጋ ሥር ነው የሚኖረው። እትዬ ብዙአየሁ እንግዳ ሲመጣ ደህና ደህናውን ብርጭቆ ከካርቶን ያወጡና፣ እንግዳው ሲሄድ አጥበው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ይመልሱታል። «ነገ ውጡ ቢሉን እንዳንቸገር ነው» ይላሉ እየሳቁ። እንዲህ እየሳቁ አንድያ ልጃቸውን ትርንጎን አሳደጉ፤ አስተምረው ለቡሬ ሰው ዳሩ። ካርቶኑ ግን እንደ ታሰረ ነው።

እትዬ ብዙአየሁ የሞቱት ከዚያ ግቢ ወጥተው ሌላ ቤት በተከራዩ ማግሥት በሚባል ጊዜ ነው። እኔ በዚያን ወቅት የራሴን ጎጆ ቀልሼ ወጥቻለሁ። አስከሬኑን ከሆስፒታል ይዘን ስንመጣ የቤቱ ባለቤት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ እግዜር ያጥናህ» አለ። «ግን ድንኳን እዚህ አይተከልብኝ። የልጄ ሠርግ ደርሷል። ሠርግ ሊገባበት ባለ ግቢ ለቅሶ እንዴት ይቀመጣል?»

የዕድሩ ሰዎች ሊጣሉት ተነሡ። ጋሼ ምንይችል እጅጌውን ሰበሰበ። ቁም ነገር ሊናገር ሲል እጅጌውን የመሰብሰብ ልማድ ነበረውና ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን።

«ቤቱ የሱ ነው» አለ። «ትንፋሻችሁን ቤቱ መልሱት።»

ድንኳኑን እኔ ደጃፍ ተከልን። እትዬ ብዙአየሁ ከእኔ ቤት ወጥተው ተቀበሩ። ጋሼ ምንይችል ለለቀስተኛው ሁሉ «ተነሡ፣ ተቀመጡ፣ ብሉ» እያለ እንደ አስተናጋጅ ሲሮጥ ሰነበተ፤ ሰው ተበትኖ ብቻችንን ስንቀር ግን «ብዙዬን ከደጅ ወደ ደጅ አዞርኋት» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት የመግዛት ነገር ያዘው። የሚሸጥ ቤት ባለበት ሁሉ ይቆማል፤ አጥሩን ይዞራል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ሳይጠየቅ «ይህ ውኃ ይገባዋል» ብሎ ይፈርዳል። ፍኖተ ሰላም የቤት ዋጋ አልቀመስ አለው። ቡሬም ፋብሪካው ከመጣ ወዲህ እንዲያው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ የድሮ ተማሪው ከቁንዝላ ደወለለት። ልጁ በዓሣ ንግድ የተቋቋመ ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ለአንተ የሚሆን ቤት አለ። ባለቤቱ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው፤ ለመሸጥ ቸኩሏል» አለው።

አብረን ሄድን። ሻጩ ጌትነት የሚባል፣ ለብሶ ያማረበት ወጣት ነበር። ቤቱን ከአባቱ እንደ ወረሰ ነገረን። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፤ ከፊት ሰፋ ያለ ሳሎንና መኝታ፣ ከጓሮ ራሷን የቻለች አንዲት ትንሽ ክፍል። ከጓሮው አጥር ማዶ ደንገሉ ይወዛወዛል፤ ከደንገሉ ማዶ ውኃው ነው። ጋሼ ምንይችል ውኃውን እያየ ብዙ ቆመ። ተረከዙ ሁለቱም መሬት ረግጠው ነበር።

ቤቱ ውስጥ የተነጠፈ አልጋ፣ ከበሩ ኋላም የተደገፈ ከዘራ አየን።

«የማን ነው?» አለ ጋሼ ምንይችል።

«የአክስቴ ነው» አለ ጌትነት። «ጠበል ሄዳለች። ስትመለስ እኔ ጋ ባሕር ዳር ትገባለች። ተነጋግረናል።»

ይህን ሲል የሚያየው ሐይቁን ነበር። እኛ ያን ጊዜ ልብ አላልነውም። ውሉ ተፈረመ፣ ስሙ ዞረ። ጋሼ ምንይችል ከሚስቱ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሟትን ከፈለ፤ የምሥራቹን ለትርንጎ ስልክ ደውሎ ሲነግራት የሕፃን ድምፅ ነበር ያለው።

ጓዙን በአይሱዙ ጭነን የሄድን ዕለት ፀሐይዋ ገና ሞቅ እያለች ነበር። የእትዬ ብዙአየሁ ካርቶኖች እንደ ታሰሩ መኪናው ላይ ናቸው። ጋሼ ምንይችል ቁልፉን አውጥቶ ወደ በሩ ሲጠጋ፣ ከውስጥ «ማነህ?» የሚል ድምፅ ሰማን። በሩ ተከፈተ። አጭር፣ ወገባቸው ጎበጥ ያለ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያልፈው አሮጊት ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። መኪናውን አዩ፣ ጓዙን አዩ። ፊታቸው በራ።

«የጓሮዋን ክፍል ፈልገህ ነው? ጎረቤቶቼን ተከራይ ፈልጉልኝ ብያቸው ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰምተውኛል ለካ!»

«እማማ፣ ይህ ቤት እኮ…» ብዬ ስጀምር ጋሼ ምንይችል እግሬን ረገጠኝ። ቁልፉን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

«አዎ እማማ» አለ። «ያከራዩኛል?»

«ማን ነህ አንተ?»

«ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ።»

«ሚስት አለችህ?»

«ሞታብኛለች።»

«እግዜር ነፍስ ይማር። ልጅስ?»

«አንዲት አለችኝ። ቡሬ ባል ቤት ናት።»

«ጫት ትቅማለህ?»

«ኧረ እኔ!»

እማማ ያልጋነሽ ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት። «እንግዲያ ስማ፤ ግድግዳዬ ላይ ምስማር አይመታም። ሲመሽ አጥሩ ይዘጋል። እንግዳ ሲመጣብህ ለኔ ይነገረኛል። ይህን ቤት ወንድሜ ማገሩን ሲያቆም ምርጊቱን የመረግሁት እኔ ነኝ፤ በነዚህ እጆቼ። ወንድሜ ሲሞት ልጁን ጌትነትን ያሳደግሁት እዚሁ ነው። ከዚህ ቤት የምወጣ በሬሳ ነው። ደንቤ ከተስማማህ ግባ።»

«ተስማምቶኛል» አለ ጋሼ ምንይችል።

ጓዙን አራግፈን ከከተትን በኋላ ሐይቁ ዳር ይዤው ወረድሁ። ጌትነት ስልኩን ዘግቷል። 

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? ሽማግሌ እንቀመጥ። አይሆንም ካሉም ፍርድ ቤት አለ። ውሉ እጅህ ላይ ነው!»

«ይፈረድልኛል፤ እሱን አልጠራጠርም» አለ። «ከተፈረደልኝ በኋላ እኒህን አሮጊት ክንዳቸውን ይዞ የሚያወጣቸው ማነው? አንተ ታወጣቸዋለህ?»

ጠጠር አንሥቼ ውኃው ላይ ወረወርሁ።

«ደግሞ ቤታቸውን ብቻ መሰለህ የምወስድባቸው?» አለ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ልጃቸውንም ነው። ‹ያሳደግሽው ልጅ ጠበል ልኮ ሸጠሽ› የሚለውን ቃል በምን አፌ አወጣዋለሁ? ዛሬ ይለፍ። ነገ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ያ ነገ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ።

ጌትነትን ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አግኝቶት ነበር። ልጁ አለቀሰ፤ ገንዘቡ በዕዳ አልቋል። ጋሼ ምንይችል ከሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በየበዓሉ እየመጣ አክስቱን እንዲጠይቅ፣ አፉንም እንዲዘጋ። የድሮ ተማሪውንም፣ ነገሩን የሚያውቁትን ሌሎቹንም ሰዎች እንዲሁ ለመናቸው። ትንሽ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ ይኖራል ብዬ አላምንም ነበር። ሰው ግን ለጋሼ ምንይችል ሲል ዝም አለ።

ትምህርት ሲዘጋ እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ስሄድ የእትዬ ብዙአየሁን ፎቶ በክፈፍ ገብቶ መስኮቱ ደፍ ላይ አገኘሁት። «ለምን አትሰቅለውም?» ብለው፣ «ምስማር ክልክል ነው» አለኝ፤ ቀልድ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ደግሞ የዋናው ቤት ጣሪያ አፍስሶ፣ ቆርቆሮ ገዝቶ ሊመታ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳለ እማማ ያልጋነሽ ከዘራቸውን እያወዛወዙ መጡ።

«ውረድ! በኔ ቤት ቆርቆሮ የምትገዛው አንተ ምን ቤት ነህ?»

ሳቄ መጣብኝና ዞር አልሁ። ጋሼ ምንይችል ግን አልሳቀም። መሰላሉ ላይ እንደ ቆመ ጎንበስ ብሎ፣ «እውነትዎን ነው እማማ፤ ምንም ቤት አይደለሁም። ግን ዝናቡ ከመጣ ሁለታችንንም ነው የሚያረጥበን» አላቸው። እሳቸውም ትንሽ አጉረመረሙና፣ «እንግዲያ ከኪራይህ ላይ ይታሰብልሃል» ብለው ገቡ።

በየወሩ ኪራይ ይከፍላቸው ነበር። ጧት ጧት የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ሐይቁ ዳር ያስሮጣል፤ ከዚያ ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ እሑድ እሑድ ክንዳቸውን ደግፎ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል። ወባ ጥሎት በነበረ ጊዜ እሳቸው ጓሮው ክፍል በርጩማ አስገብተው ከራስጌው አልተነሡም። ክሊኒክ ወስደው፣ መርፌውን አስወግተው፣ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሱ አዳኑት። «የሰው ልጅ አደራ ነው፤ እኔ ቤት ሆኖ እንዴት ይሞታል» ይሉ ነበር ለጠያቂው።

የተቀደሰ ሰው ነበር ብዬ ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ እሱም ቢሆን አይወድልኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠላ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ድንገት እንዲህ አለኝ።

«አንዳንድ ጧት ከዘራቸው ኳ ኳ ሲል ስሰማ፣ በልቤ ‹መቼ ነው የምትሞቺው?› እላለሁ። እውነቴን ነው። ከዚያ ወተት ይዘው በሬ ላይ ይቆማሉ። ‹አስተማሪ፣ ሳይበርድ ጠጣው› ይሉኛል። እንዴት እንደማፍር አትጠይቀኝ። ወተቱ አልወርድ ይለኛል።»

«እንግዲያ ንገራቸውና ይገላገል» አልሁት።

«አንዴ ጀምሬው ነበር» አለ። «‹እማማ፣ ስለዚህ ቤት አንድ ነገር ልነግርዎት እፈልጋለሁ› አልኋቸው። ‹ልትወጣ ነው?› አሉ። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ‹አይ፣ በሩ ይቀባ ልልዎት ነው› ብዬ ዘጋሁት።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ቡሬ ያለችው ትርንጎ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እሷም ተከራይ ናት። ባሏ ሹፌር ነው፤ ልጆቿን ይዛ ከቤት ቤት ትዞራለች። «አባዬ፣ አንተ ጋ እንምጣ፤ ልጆቹም እዚያ ይማሩ» ስትለው፣ «ቤቱ ሰው አለበት፤ ጥቂት ታገሺኝ» ይላታል። በመጨረሻ ለእኔ ደወለች። «እውነቱን ንገረኝ፤ አባቴ ሴት አስቀምጦ ነው?» አለችኝ። ቃል አስገብቶኛልና «የለም፣ እንደሱ አይደለም» ከማለት በቀር ምንም አላልኋት። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ለሱም እየቀነሰ ሄደ። እሱም ያውቀዋል፤ አያነሣውም።

እንግዲህ «ተከራዬ ዐረፈ» የተባልሁ ዕለት መጀመሪያ የሄድሁት ቡሬ ነው። ትርንጎ በሩ ላይ አይታኝ፣ ገና ሳልናገር መሬት ላይ ወደቀች። መንገዱ በዚያ ሰሞን ሲከፈትና ሲዘጋ ነበርና፣ በዚያው ቀን ሚኒባስ ማግኘታችን ራሱ ዕድል ነው። ዱርቤቴ አድረን በማግሥቱ ጧት ወደ ቁንዝላ ስንጓዝ ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልሁም፤ ቤቱ አሁን የሷ ነው።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። መንገዱ ያንገላታናል፣ አቧራው በመስኮት ይገባል። ከዚያ በድንገት፣ «እኔ ልጆቼን ይዤ ስንከራተት ያውቃል» አለች። «እያወቀ! ለማያውቃት ለሰው አሮጊት ሲል!» ለቅሶዋ ከንዴት ይሁን ከሐዘን መለየት አቃተኝ። እንባዋን ጠርጋ፣ «ሄጄ እነግራታለሁ። ከተቀበረ በኋላ እነግራታለሁ» አለች።

ስንደርስ ድንኳኑ ግቢው መሐል ተተክሏል። ሰው ሞልቷል፤ የሚያስሮጣቸው ልጆችም ከነደብተራቸው አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ወደ ጓሮዋ ክፍል ሳመራ የድሮ ተማሪው ክንዴን ያዘኝ።

«እዚያ አይደለም» አለኝ። «ዋናው ቤት ነው ያለው፤ እማማ አልጋ ላይ።»

ነገሩን በሹክሹክታ አጫወተኝ። የዕድሩ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያኑ አቋራጭ ስለሆነ አስከሬኑ በጓሮ በር ይውጣ ብለው ነበር። እማማ ያልጋነሽ ከዘራቸውን በሩ ላይ አጋድመው ቆሙ አሉ። «ዘመድ የሌለው መሰላችሁ? የኔ ተከራይ በጓሮ አይወጣም! ድንኳኑ ግቢዬ መሐል ይተከል። እሱ ደግሞ በኔ አልጋ ይተኛና በዋናው በር ይወጣል» ብለው የጎረቤቱን ወንድ ሁሉ አዘዙ።

ትርንጎ አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰማች። እማማ ያልጋነሽ ከቤት ወጡ፤ ማንም ሳይነግራቸው ዐወቋት፤ መልኳ የአባቷ ነው። ከዘራቸውን ጥለው አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«ልጄ፣ አባትሽን አላቆየሁልሽም» አሉ። «እኔ ቤት ሆኖ አመለጠኝ። ይቅር በይኝ።»

ትርንጎ ልትናገር የመጣችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። የእናቷ አስከሬን ከሰው ደጅ የወጣበትን ያን ቀን አልረሳችውም። አሮጊቷን አቅፋ፣ እኔ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አለቀሰች። ጋሼ ምንይችል በሰፊው በር፣ በብዙ ሰው ትከሻ ወጥቶ ተቀበረ።

በሠልስቱ ሁላችንም ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ጌትነት መጣ። በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሟል።  ቀጥ ብሎ ሄዶ ትርንጎ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ስለ ማርያም ይቅር በይኝ» አለ።

እማማ ያልጋነሽ ግራ ገባቸው። «ጌትነት፣ ምን ሆነሃል? ከሷ ጋር ምን አገናኘህ?»

ልጁ ቀና ማለት አልቻለም። ትርንጎ «ተው፣ ተነሥ፣ ግድ የለም» እያለች ልታስነሣው ሞከረች። እሱ ግን ተሸክሞት የኖረው ከድንጋዩ ይበልጥ ከብዶት ነው መሰለኝ፣ ሁሉንም አወጣው። ጠበሉን፣ ሽያጩን፣ ዕዳውን፣ ጋሼ ምንይችል ባሕር ዳር መጥቶ የለመነውን። እያንዳንዷ ቃል ስትወጣ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው አንገቱን እየደፋ ሄደ። እማማ ያልጋነሽ የሰዉን አንገት አዩ። ብዙዎቹ ያውቁ እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው።

አላለቀሱም፣ አልጮኹም። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ጌትነት ዘንድ ሄዱ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከአንገቱ አነሡት።

«አንገትህን ያምሃል» አሉት። «ከሕፃንነትህ ጀምሮ ያምህ ነበር።»

ከዚያ ወደ ዋናው ቤት ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ አጎዛቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ታቅፈው ሲወጡ ትርንጎ ሮጣ ያዘቻቸው።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቤትሽን እየለቀቅሁልሽ ነው።»

«ኧረ በማርያም! አባቴ ያላስወጣዎትን እኔ ላስወጣዎት?»

«አባትሽማ አላስወጣኝም» አሉ። «እኔ ነኝ ጓሮ ያስገባሁት።»

ሽማግሌው ለመኑ፣ ቄሱ ለመኑ። ከተማዋን ጥለው ገዳም እገባለሁ ማለታቸውን በስንት ምልጃ ተዉት። ዋናው ቤት ተመልሰው ለመግባት ግን በጭራሽ እንቢ አሉ። በመጨረሻ አጎዛቸውን ይዘው የጋሼ ምንይችልን ክፍል ከፍተው ገቡ፤ በሩንም ዘጉት።

ትርንጎ በክረምቱ መጀመሪያ ልጆቿን ይዛ ከቡሬ ገባች። ካርቶኖቹን ፈታች፤ የእናቷ ብርጭቆዎች አሁን መደርደሪያ ላይ ናቸው። እማማ ያልጋነሽ ኪራይ ካልተቀበልሽኝ እሄዳለሁ ስላሏት ትቀበላቸዋለች፤ መልሳ በምግብና በመድኃኒት ታደርግላቸዋለች። እሳቸውም ይህን እያወቁ ዝም ይላሉ። ልጆቹ «አያቴ» እያሉ ይጠመጠሙባቸዋል። ቀልዳቸውና ቁጣቸው ግን ከጋሼ ምንይችል ጋር ተቀብሯል፤ አሁን ምስማር ቢመታም፣ አጥሩ ተከፍቶ ቢያድርም የሚናገሩት የለም።

ባለፈው ስሄድ ጓሮው ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ውኃውን ሲያዩ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ። የሰሙኝ አይመስሉም።

«አንተ ታውቅ ነበር» አሉኝ።

«አውቅ ነበር እማማ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ስቆብኝ ያውቃል?»

«ማርያምን፣ አንድም ቀን» አልሁ። ይህን ለመናገር ማሰብ አላስፈለገኝም።

 አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ከደንገሉ ውስጥ እየገፋ ሲያወጣ ርቆ እስኪሄድ በዓይናቸው ተከተሉት።

«እኔ ግን ስቄበታለሁ» አሉ። «ሰንበቴው እኔ ዘንድ በዋለ ዕለት፣ ከሴቶቹ ጋር። ‹አስተማሪ ተብሎ፣ በዚህ ዕድሜው ጎጆ እንኳ የሌለው› አልሁ። ሳቅን። ዞር ስል አጥሩ ሥር ቆሟል፤ ሰምቶኛል። ቀና ብሎ አየኝና፣ ‹እማማ፣ ለእንግዶቹ ውኃ ላምጣ?› አለኝ።»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

«‹አምጣ› አልሁት።»